መኪናው ነው እንጂ እጄ አይደለም፦ ከኮተቤ እስከ ጂንካ

ጂንካን አይቶ የማያውቅና ምናልባትም የማያያት አንባቢ ብዙ ነው፤ ይህን የጻፍሁት ለእርሱ ነው። ከመነሻዬ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ የማስታውሰውን ሁሉ እጠራጠራለሁ። ትናንት የበላሁትን ባለፈው ሳምንት ከበላሁት ጋር አደባልቃለሁ፤ ሰው ከተናገረው ይልቅ ይናገራል ብዬ የጠበቅሁት በአእምሮዬ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እርግጠኛ ባልሆንሁበት ቦታ ሁሉ አለመሆኔን እጽፋለሁ። እርግጠኛ በሆንሁበት ደግሞ ማንም ቢቃወመኝ አልመለስም።

ከቤቴ ስነሣ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር አንድ ነበር፤ መኪናው ወደ ግራ ይስባል።

መኪናው አዲስ ነው። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም ነበር። ከሻጩ ድርጅት ግቢ ይዘነው ከወጣን ጀምሮ መሪውን ላላ ባደረግሁ ቁጥር ወደ ግራ፣ ማለትም ከፊት ለፊታችን ወደሚመጣው መኪና፣ ያዘነብላል። አጠገቤ ተቀምጦ ለነበረው ለልጄ ለብሩክ ነገርሁት። ቦታ ተለዋወጥንና እርሱ ነዳው፤ መኪናው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ድርጅቱ መለስነው። የድርጅቱ ባለሙያ፣ ደንደን ያለ ጎልማሳ፣ እኔን በአክብሮት ጋቢና አስቀምጦ አንድ ዙር ነዳኝ፤ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ ሄደ። የጎማ አቅጣጫ መለኪያ ላይ ማውጣትም አያስፈልገውም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብሩክ የነገረውን ሰማሁ፤ ጆሮዬ ገና ደኅና ነው። “የአባታችን እጅ ነው” አለው።

ጉዳዩ እቤት ደረሰ። ትልቋ ልጄ ሕሊና የግራ ቀኙን ሰምታ ዳኛ ሆነች። በዚያው ሰሞን ጂንካ ያለውን የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን አቶ ማርቆስን ልጠይቀው ቃል ገብቼ ነበር፤ ውላችንም በዚሁ ጉዞ ላይ ተመሠረተ። እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ ብሩክ ከጎኔ ሆኖ ይጠብቀኛል። እስክንመለስ ድረስ ጥፋቱ የመኪናው መሆኑ በማስረጃ ካልታወቀ ቁልፉን አስረክቤ ዳግመኛ መሪ አልጨብጥም። ከታወቀ ግን ስለ እኔ መንዳት ማንም ቃል አይተነፍስም። ያለማመንታት ተስማማሁ። የማስታወስ ችሎታዬን ቢነጥቁኝ ግድ የለኝም፤ ሲመናመን እኔም አይቼዋለሁ። የገዛ እጄ የሚነግረኝን እንዳላምን የሚያዙኝ ከሆነ ግን ምን ይቀረኛል?

ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን፤ ብሩክ ፀሐይ ወጥታ ነበር ይላል። እርሱ በእናቱ ወገን የወጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱም ከሥራው ወንበር ጋር እያደገ የመጣ ሰው ነው። እኔ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ የሚተርፋቸው ዓይነት ነኝ። ጋቢና ሲገባ መኪናው እንደ ጀልባ ጎንበስ ይልለታል፤ እኔ ስገባ ግን መግባቴንም አያውቅም።

በቡታጅራ በኩል ወረድን። በእኛ በኮተቤ ዳገት ታክሲ ታክሲን እየገፋ ስለሚሄድ መሪው የሚናገረውን ለማዳመጥ ጊዜ የለም። እዚህ ግን መንገዱ ተዘረጋ፤ በግራ በቀኝ እንሰት፣ የተሰጣ በርበሬ፣ ሣር ቤት። መሪውም መናገር ጀመረ። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። በቀኝ እጄ ወደ ቀኝ እየጎተትሁ ሆሳዕና ስደርስ ክንዴ ዝሎ ነበር። ምሳ ከበላን በኋላ ብሩክ መሪውን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። እኔን ጋቢና አስቀምጦ፣ አስፋልቱ ባማረበት ቦታ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ አሳየኝ። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

“አየህ አባዬ?” አለኝ። በድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ርኅራኄ ነበር።

ሶዶ አደርን። የሆቴሉ ውኃ ጠፍቶ ነበር፤ ባለቤትየዋ እንግዳ በጉዞ አቧራ አይተኛም ብላ ከጓዳዋ በባልዲ ያሞቀችውን ውኃ ራሷ ተሸክማ እስከ ደጃችን አመጣችልን። ኮተቤ ውኃ ሲጠፋ ጎረቤታሞች ስለ ጠፋው ውኃ እናወራለን እንጂ ማንም ባልዲ አያነሣም። ለእራት ጥብስ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ዳጣው፣ ያ አረንጓዴ የቃሪያ ድልህ፣ ዓይኔን ስላስለቀሰኝ ብሩክ ያለቀስሁ መስሎት እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። በርበሬ ነው አልሁት፤ አላመነኝም። በዚያን ጊዜ ስለ ራሴ የምለውን ማንኛውንም ነገር የሚያምን አልነበረም።

ሐሙስ

አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ በላን። ከዚያ ወደ ኮንሶ ስንወጣ እኔ እነዳ ነበር። በሥራ ዘመኔ አፈር ሳጠና የኖርሁ ሰው ነኝና የኮንሶን እርከን ሳላይ ማለፍ አልችልም፤ መኪናውን አቁሜ አየሁት። ድንጋዩን ማን እንደ ደረደረው የሚያውቅ የለም፤ አፈሩ ግን ተይዞ ቆሟል። የእኛ ሰፈር ግንብ ባለቤቱ በስም ይታወቃል፤ በየክረምቱም ይፈርሳል።

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ሲወረድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይቀበላል። የወንበሩ ላስቲክ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሜዳው ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ በሩቁ አንድ የጭነት መኪና ይመጣል። መነጽሬ በላብ ተንሸራተተና ላስተካክለው ቀኝ እጄን አነሣሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳነሣሁት አላውቅም፤ አጭር ነበር እላለሁ። የጭነት መኪናው ጥሩምባ ጮኸ፤ ብሩክ ተንጠራርቶ መሪውን ወደ ቀኝ ነጠቀ፤ አቧራ ውስጥ ቆምን። የጭነት መኪናው ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። እናቴን ይመለከት ነበር።

ብሩክ አቧራው እስኪወርድ መሪውን አልለቀቀም። በኋላ፣ “ተኝተህ ነበር?” አለኝ።

“መነጽሬን እያስተካከልሁ ነበር።”

“አባዬ፣ ተኝተህ ነበር።”

ቁልፉን ሰጠሁት። ለዛሬ ብቻ እንደሆነ ነገርሁት።

ቀይ አፈር ስንደርስ የሐሙስ ገበያዋ እየተፈታ ነበር። ፍየል የሚጎትት፣ ማር የተሸከመ፣ በርጩማውን በእጁ ያንጠለጠለ የበና ብሔረሰብ ጎልማሳ ሁሉ ከመንገዱ ወደየአገሩ ይበተናል። ሻይ ጠጥተን ልንነሣ ስንል አንዲት ግዙፍ ሴት የማር ጀሪካን ታቅፋ መስኮታችንን አንኳኳች። ወይዘሮ አስቴር ትባላለች፤ የአሪ ሰው ናት፤ ቀይ አፈር ገዝታ ጂንካ የምትሸጥ ነጋዴ። የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሏት ሄዷል። አማርኛን ከአሪኛ በኋላ ስለተማረችው ይመስለኛል፣ ሰውን ሁሉ “አንተ” ትላለች፤ በኋላ እንደ ሰማሁት ፓስተሯንም ጭምር። እኔንም አላስቀረችኝም። ወርጄ ጋቢናውን ልለቅላት ስል፣ “አባባ፣ አንተ ተቀመጥ። ሽማግሌ ኋላ አይቀመጥም” ብላ በሩን መልሳ ዘጋችብኝና ከእኔ ኋላ፣ ማሩን በእግሯ መሀል አድርጋ ተቀመጠች። መኪናው ሲያቃስት ሰማሁት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ያኔ ራሴም አላመንሁትም ነበር። ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ የብሩክን እጆች አየሁ። ዘወትር በአንድ እጁ የሚነዳው ልጄ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ የቀኝ አንጓው ጅማት ተገትሯል። ምን ይዞህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። መንገዱ ያዘነበለ ነው አለኝ። አዎን ያዘነበለ ነበር፤ ያዘነበለው ግን እንደ ማንኛውም መንገድ ወደ ቀኙ ዳር፣ ውኃው ወደሚወርድበት ነው። ወደ ቀኝ ያዘነበለ መንገድ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ የሚጠመዝዝ ሾፌር ከምን ጋር እየታገለ ነው? ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርሁም። በዚያን ቀን የጭነት መኪና ሊያጠፋኝ ደርሶ ነበርና ድምፄ ዋጋ አልነበረውም።

አቶ ማርቆስ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከእኔ ጋር በግብርና ሙከራ ላይ የሠራ፣ አሁን ጡረታ የወጣና በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ የአሪ ተወላጅ ነው። ጠጉሩ ነጥቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው፤ ወይም ያው ይመስለኛል። ባለቤቱ ጎደሬ ከጎመን ጋር፣ ቀጥሎም በቅል የተቀዳ የቡና ገለባ ፍል አቀረበችልን። በእኛ ቤት ገለባው የሚጣል ነው። ሁለት ቅል ጠጣሁ።

ዓርብ

ጠዋት የመኪናውን ነገር ለአቶ ማርቆስ አጫወትሁት። ከሁሉ አስቀድሞ ይጸለይበት አለ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቹን ጠርቶ መኪናውን ከበቡትና እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ። እኔ በሌላ ወግ ያደግሁ ብሆንም አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ጸሎቱ ረጅምና የሚያምር ነበር። መሀል ላይ አንደኛው ወንድም፣ ጌታ የአገልጋዩን የዶክተርን፣ ማለትም የእኔን፣ እጆች እንዲያበረታ ለመነ። ለሌላው ሁሉ አሜን አልሁ፤ ለዚያ አላልሁም።

ቀጥሎ ታምራት የሚባል መካኒክ መጣ። ከወላይታ መጥቶ ጂንካ የከረመ፣ አንገተ ወፍራም፣ ወሬው ከክሪኩ የሚፈጥን ሰው ነው፤ ዕድሜው የገፋን ሁሉ “ፋዘር” ይላል። መኪናውን ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወሰድነው። ይህ በከተማዋ መሀል የተንጣለለ ሣራም ሜዳ ነው፤ አሁን ኳስ ይመታበታል፣ ፍየል ይሰማራበታል። ኮተቤ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳይፈስ የሚቀመጥበት ሜዳ የለም፤ እዚህ ግን ለጥ ያለ መሬት ከተማው መሀል ተቀምጧል። መንገዱ አዘነበለ የሚል ሰበብ ከዚህ ሜዳ ላይ አይሠራም።

ታምራት የጎማዎቹን ንፋስ ለካ፤ እኩል ናቸው። የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አደረገ፤ ጥፋቱ የጎማ ከሆነ አሁን ወደ ቀኝ ይስባል አለ። ብሩክን ከጎኔ አድርጌ ነዳሁ፤ አሁንም ወደ ግራ። ፍሬን ይዞ ይሆናል አለና ስመለስ የጎማዎቹን መሀል በእጁ ዳሰሰ፤ ሁለቱም እኩል ሞቀዋል። በመጨረሻ እኔን ጋቢና አስቀምጦ ራሱ ነዳው። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር፣ እጁን አንሥቶ፣ ሲያፏጭ ነዳው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ኳሳቸውን አቁመው የከበቡን ሰዎች ነበሩ። ታምራት ከመኪናው ወርዶ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእነርሱ፣ “ፋዘር ሲነዱት ብቻ የሚያመው መኪና አይቼ አላውቅም” አለ። ሳቁ። ብሩክ አልሳቀም።

“ትናንት በአንተም እጅ ስቧል” አልሁት።

“አልሳበም አባዬ። መንገዱ ነው።”

ዓይኑን አሸሸብኝ፤ ወይም ያሸሸብኝ መሰለኝ። እዚህ ላይ ነው የገዛ ራሴ አእምሮ የከዳኝ። የተገተረውን ጅማት በእርግጥ አይቻለሁ? ወይስ ልጄም እንደኔ እንዲታገል ስለፈለግሁ አየሁት? ሲመሽ አቶ ማርቆስ ጡረታ መጥፎ ነገር አይደለም እያለ ያጽናናኝ ነበር። አልጽናናም አልሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ የድሮ ሥራዬ መጣልኝ። ሁለት የእርሻ መደብ ስናወዳድር ከአንድ ነገር በቀር ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት፤ ዘሩን ለውጠህ ማዳበሪያውንም ከለወጥህ ምን እንዳበቀለ አታውቅም። እኛ ሾፌሩን ብቻ የለወጥን መስሎን ነበር። ሾፌሩ ሲለወጥ ግን ተቀማጩም ተለውጧል። እኔ ስነዳ ሁልጊዜ ብሩክ በቀኜ ነው፤ እርሱም እንደ ጆንያ ከባድ ነው። ብሩክም፣ የድርጅቱ ባለሙያም፣ ታምራትም ሲነዱ ከባዱ ሰው በግራ፣ እኔ ብን የምለው በቀኝ ነኝ። ማንም ሽማግሌውን ብቻውን እንዲነዳ አልፈቀደም፤ ማንም ደግሞ ሽማግሌውን ኋላ አላስቀመጠም። መኪናው የሚስበው በእኔ እጅ ሳይሆን ቀኙ ሲከብድ ቢሆንስ? ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ አስቴር የተቀመጠችው በቀኝ በኩል ነበር።

ለአቶ ማርቆስ ነገርሁት። እርሱም የሙከራ ሰው ነበርና ቅሉን አስቀምጦ፣ “ታዲያ ምስክር አለን ማለት ነው” አለ።

ብሩክን ይዘን ወደ ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ወይዘሮ አስቴርን በማሯና በበርበሬዋ መሀል ተቀምጣ አገኘናት። ምስክር እንዳልመራ ተጠንቅቄ፣ ሐሙስ ዕለት ከኋላዬ ሆነሽ ምን አየሽ አልኋት፤ ሌላ አልጨመርሁም።

“ምን አየሁ? የልጅህን እጅ አየሁ” አለች። “መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ይዞ ወደዚህ ይጠመዝዛል፣ እሱ ደግሞ ወደዚያ ይሄድበታል። ጸሎት አደረግሁ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አባባ፣ ማሩ በእግሬ መሀል ነበር። ቢፈስ የማን ነው? እኔ ሳላይ ማን ያያል?” ወደ ብሩክ ዞረች። “አንተ ወፍራሙ፣ ለአባትህ አልነገርከውም?”

ብሩክ የበርበሬውን ክምር ሲመለከት ቆየ። ከዚያ በዝግታ፣ ስቦ እንደነበር፣ መንገዱ ነው ብሎ ራሱን እንዳሳመነ፣ ከወይጦው ድንጋጤ በኋላ እኔ ትክክል መሆኔን መስማት እንደፈራ ነገረኝ። “ትክክል ከሆንህ ቁልፉን እንዴት እወስድብሃለሁ?” አለኝ። ያኔ ነው የተናደድሁበትም፣ የወደድሁትም።

ወይዘሮ አስቴርን ሜዳው ድረስ እንድትመጣልን ጠየቅሁ።

“እኔ መኪና አላውቅም። ለምንድን ነው የምትፈልገኝ?”

“ለክብደትሽ ነው” አልኋት። ሌላ ምን ልበል? ገበያው ሁሉ እስኪዞር ሳቀች። ባሌ ይህን ይስማ እያለች ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተነሣች።

ታምራት ተጠርቶ መጣ፤ የዓርቡ ተመልካችም ከነተጨማሪው መጣ። መጀመሪያ እኔ ነዳሁ፤ ወይዘሮ አስቴር ጋቢና፣ ብሩክ ከእርሷ ኋላ። እጄን ሳነሣ መኪናው ወደ ግራ፣ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። ሁለተኛ፣ ሁለቱንም ከእኔ ኋላ፣ ወደ ግራው በር አጣብቄ አስቀመጥኋቸው፤ እርስ በርስ ቦታ እየተነጣጠቁ ይሰዳደባሉ። እጄን አነሣሁ። መኪናው ቀጥ ብሎ፣ ልክ በብሩክና በታምራት እጅ እንደሄደው፣ ከሜዳው ዳር ደረሰ። ያው ሾፌር፣ ያው እጅ።

ታምራት ፉጨቱን አቁሟል። እኔ ግን አልበቃኝም። ወርጄ ቁልፉን ለብሩክ ሰጠሁትና ወይዘሮ አስቴርን ጋቢና፣ አቶ ማርቆስን ከእርሷ ኋላ አስቀመጥሁ። እኔ ከውጭ ቆምሁ። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ብሩክ በሁለት እጁ እንደጨበጠ አየሁት፤ አሁን ያየሁትን አልጠራጠርም፣ ከእኔ ጋር ብዙ ሰው አይቶታል።

“እጅህን አንሣ” ብዬ ጮኽሁ።

በመስኮቱ አየኝ። እጁን አነሣ። መኪናው እንደታዘዘ ሁሉ ወደ ግራ ታጠፈና ለኳስ ጎል የተተከለውን እንጨት ገጭቶ ጣለው። ወይዘሮ አስቴር ከውስጥ የጌታን ስም ጠራች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ ነው ብዬ ወሰድሁት።

ታምራት ሁሉንም አስወርዶ ባዶውን መኪና ከፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ አየው። ከጎማው አናት እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ክፍተት በጣቶቹ ለካ። በግራ በኩል ሰፋ ያለ ነው። ትከሻውን ሰብቋል አለ። በክሪክ አንሥቶ የግራውን የፊት ጎማ ፈታ፤ እጁን ወደ ሞላው፣ መኪናውን ተሸክሞ ወደሚያነጥረው የብረት ጥምዝ፣ ሰደደ፤ በሞላው ጥምዝ መሀል የተወተፈ ጥቁር ላስቲክ በመፍቻ እየፈለቀቀ አወጣ። መጠኑ የልጅ ጡጫ ያህላል። እንደነገረን፣ መኪኖች በመርከብ ሲጫኑ እንዳይዘሉ በሁለቱም የፊት ሞላዎች መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይወተፋል፤ ከመሸጣቸው በፊት ሊወጣ ይገባል። ወደ ቀኙ ሄዶ አየ፤ የቀኙ ወጥቷል። የግራውን ያወጣው የለም። እንዳስረዳን፣ ቀኙ ሲከብድ የቀኙ ጎማ ጎንበስ ሲል ወደ ግራ ይዞራል፤ የተወተፈው የግራው ግን አብሮ ጎንበስ ብሎ አይመልሰውም።

“ትናንት ጎማውን ስፈታ ከፊቴ ነበር” አለ ታምራት። “እኔ ፍሬኑን አያለሁ።” ከዚያ ላስቲኩን እያገላበጠ፣ “ፋዘር፣ ይቅርታ። ግን እርስዎም ቀጭን ባይሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እናገኘው ነበር” አለ። ሳቅሁ። ላስቲኩን ለመታሰቢያ እንድተውለት ለመነኝ፤ አልተውሁለትም። የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ነው፣ ከኋላውም “የአባታችን እጅ ነው” ያለው ሰው ይቀመጣል።

ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብሁ። ክፋት ያደረገብን ሰው አልነበረም። ያሳሳተን አክብሮት ነው። ብሩክ ብቻዬን ቢተወኝ፣ ወይም አንዱ መካኒክ ሽማግሌውን ኋላ ወርውሮ ቢነዳ፣ እውነቱ በአንድ ቀን ይወጣ ነበር። ሁሉም ተጠንቅቆልኝ፣ በጥንቃቄው ውስጥ ሊቀብረኝ ነበር።

እሑድ

ከአቶ ማርቆስ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መዝሙሩ ከእኛው ቅዳሴ ጋር አይመሳሰልም፤ ርዝመቱ ግን ይመሳሰላል። ከምሳ በኋላ ለመንገድ ስንዘጋጅ የባለቤቱ እጅ ያላስቀመጠው ነገር መኪናችን ውስጥ አልነበረም፤ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ የቡና ገለባ። ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ማር ላከች።

ብሩክ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር። መኪናው ነው አባዬ፣ ተቀብያለሁ አለ፤ ነገር ግን ደክሞሃል፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው፣ እኔ ልንዳና አንተ አጠገቤ አረፍ በል።

“ቀይ አፈር ድረስ ብቻዬን ነው የምነዳው” አልሁት።

“ብቻህን አይሆንም።”

“ከገዛነው ጀምሮ ይህን መኪና ብቻዬን ነድቼው አላውቅም። ማንም ስለ መንዳቴ ቃል አይተነፍስም ተባብለናል። አሁን እየተነፈስህ ነው።”

ብሩክ አቶ ማርቆስን እንደ አማላጅ ተመለከተው። አቶ ማርቆስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ልጄ፣ ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሳይሞላ አይነሣም። ብትፈጥን ትደርስበታለህ” አለው።

ቁልፉን ሰጠኝ፤ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጠው እጁ ትንሽ ቆየ።

ብቻዬን ነዳሁ። የጋቢናውን ላስቲክ ከመነሣቴ በፊት ገፍፌ ጥዬዋለሁ። ፈርቼ አልነበረም አልልም፤ ጠንቃቃ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ይፈራል። በቀስታ ሄድሁ። መሪው ዝም አለ፤ ግራም አይል ቀኝም አይል። የብሩክ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፤ የልጄ ፊት በኋላ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ሚኒባሱ እስኪጠፋ ድረስ ይመለከተኝ ነበር። እጄን አውለበለብሁለት፤ ግራ እጄን፣ ቀኙ መሪ ላይ ነበርና።

ቀይ አፈር ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። በሩን ከፍቶ ወዲያው አልገባም።

“የት ልቀመጥ?” አለኝ።

“በፈለግህበት። ከእንግዲህ ግድ የለውም።”

ጋቢና ገባ። መኪናው እንደ ልማዱ ጎንበስ አለለት፤ መንገዱን ግን አልለቀቀም። ወይጦ ሜዳ ላይ ስለ አየሩ ሙቀት አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ አላስታውስም። ኮንሶ ዳገት ላይ ሳየው አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ ያንኮራፋል። አርባ ምንጭ አደርን፤ በማግሥቱም ሶዶ ባልዲ ያመጣችልንን ባለ ሆቴል ሰላም ብለን፣ የማሩን ግማሽ ሰጥተናት አለፍን። ለቤት ስንቃረብ መብራት በርቶ ነበር።

በሩን የከፈተችው ሕሊና ናት። አላቀፈችንም፤ ዳኛ ናትና ፍርዱ ይቅደም አለች። ጥቁሩን ላስቲክ ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርሁት። አገላብጣ አየችውና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ወደ ወንድሟ ዞረች።

“ማን ነድቶ መጣ?”

“እሱ ነው” አላት ብሩክ። “እኔ ከቀይ አፈር ጀምሮ ተኝቼ ነው የመጣሁት።”

ይህ ትክክል አይደለም። የተኛው ከኮንሶ ጀምሮ ነው፤ በማግሥቱም ብዙውን መንገድ ነቅቶ ነበር፤ ለዚህ እርግጠኛ ነኝ። አላረምሁትም። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ገባሁ።